ያረጀ ኦክና የተላጠ ቅርፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦክ የሚባለው፣ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሚበቅለው ግዙፍ ዛፍ፣ ዕድሜው ሲገፋ ወገቡ ይሰፋል፣ አናቱ ያጥራል፣ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው "አለቀለት" ይላል። ከዚያ አንዱ ሊያክመው ይነሳል፤ ሌላው ቢላ አውጥቶ ስሙን ሊጽፍበት። ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚመጡት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ወቅቶቹም የአውሮፓና የአሜሪካ ናቸው፦ ክረምት ዛፉ የሚተኛበት ብርድ፣ ጸደይ የሚያቆጠቁጥበት፣ በጋ ሞቃቱ ወቅት።)

ቅርፊቱ የተላጠው ዛሬ ከሆነ ሌላውን ለኋላ አቆዩት። "ቅርፊቱ ገና አሁን ነው የተላጠው" ወደሚለው ጥያቄ ቶሎ ውረዱ። እዚያ ጋ ሰዓት ይቆጠራል።

ኦክ "አረጀ" የሚባለው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። እንግሊዞች "ኦክ 300 ዓመት ያድጋል፣ 300 ዓመት ይኖራል፣ 300 ዓመት ይሞታል" ይላሉ። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ የዛፉ እርጅና ራሱ አንድ ሙሉ ዕድሜ ነው።

ከዓመቱ ይልቅ መልኩን እዩ። ግንዱ ከቁመቱ ጋር ሲተያይ በጣም ወፍራም ነው? ጉድጓድ አለው? የደረቁ ትልልቅ ቅርንጫፎች አናቱ ላይ ቆመዋል? ፈንገስ በቅሎበታል? መልሱ አዎ ከሆነ ሽማግሌ ነው። መብረቅ የመታው ወይም ብዙ መከራ ያየ ዛፍ ከእኩዮቹ ቀድሞ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝ አገር ሸርዉድ ደን ውስጥ ያለው ሜጀር ኦክ የታወቀው ምሳሌ ነው። የግንዱ ዙሪያ 10 ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ብዙ ሰው ከግዝፈቱ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። "ሜጀር" ሻለቃ ማለት ነው፤ በ1790 ስለ ዛፉ የጻፈው ሻለቃ ሄይማን ሩክ ነው።

ግንዱ ባዶ ነው። ሊወድቅ ነው?

"ልጡ የራሰ ጉድጓዱ የተማሰ" የሚባለው ለሰው እንጂ ለኦክ አይሠራም። ኦክ ጉድጓዱን ይዞ መቶ ዓመታት ይኖራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግንዱ መሃል ዛፉ በሕይወት እያለም የሞተ እንጨት ነው። ውሃ የሚያመላልሰው ከቅርፊቱ ሥር ያለው የዳር እንጨት ብቻ ነው። መሃሉን ቀስ በቀስ የሚበሉ ፈንገሶች አሉ፤ አንዱ ተቆርጦ ሲታይ ጥሬ ሥጋ ነው የሚመስለው። እነሱ መሃሉን ያበሰብሳሉ፣ ብስባሹ እዚያው ግንዱ ውስጥ ይከማቻል። አንዳንዴ ዛፉ ራሱ ወደ ውስጥ ሥር ሰድዶ የገዛ ብስባሹን ይበላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ በባትሪ ያየ ሰው ዝም ነው የሚለው።

ጥንካሬውስ? ቧንቧ አስቡ። ግድግዳው በቂ ውፍረት እስካለው ድረስ ባዶ መሆኑ ብቻውን አይጥለውም። ድሮ ጉድጓዱን በሲሚንቶ መሙላት የተለመደ ሕክምና ነበር። አታድርጉት። ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ሲሚንቶ አይወዛወዝም። በመካከላቸው ያለው እንጨት ይፈጫል፣ ውሃም ይቋጥራል።

የሚያስፈራው ለውጥ ነው። አዲስ ስንጥቅ፣ በአንድ ጎን የተነሳ አፈር፣ ትናንት ያልነበረ መዝመም። ያኔ ሰዎችን አርቃችሁ የዛፍ ባለሙያ ጥሩ።

አናቱ ደርቋል። ደረቁን ቆርጬ ላሳምረው?

አይሆንም። ሽማግሌ ኦክ ሩቅ ያሉትን ቅርንጫፎች መመገብ ሲከብደው ይተዋቸውና ዝቅ ብሎ አዲስ አናት ይሠራል። ከላይ እንደ ቀንድ የቆመ ደረቅ እንጨት፣ ከሥሩ ለምለም ቅጠል ካያችሁ ዛፉ እየሞተ ሳይሆን ኑሮውን እየቀነሰ ነው። ደረቁ እንጨት ደግሞ የጉጉት፣ የሌሊት ወፍ፣ የግንደ ቆርቁርና የጥንዚዛ ቤት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ብቻ ከ2,300 በላይ የሕያዋን ዓይነቶች በኦክ እንደሚጠቀሙ ተቆጥሯል።

የሚቆረጠው መንገድ ወይም መቀመጫ ላይ የሚወድቀው ብቻ ነው። ሕያው ክፍሉ ከከበደና የመገንጠል ስጋት ካለ ባለሙያው በዓመታት ልዩነት ጥቂት ጥቂት እያለ ያሳጥረዋል። በአንድ ቀን አናቱን መላጨት ሽማግሌን ማስራብ ነው፤ ቅጠል ምግቡ ነውና። ከባዱን ቅርንጫፍ በባላ መደገፍም ይቻላል። ሜጀር ኦክ ራሱ በባላ ላይ ነው የኖረው።

ቅርፊቱ ሲላጥ ዛፉን የሚጎዳው ምኑ ነው?

ቅርፊት ሁለት ነገር ነው። ከውጭ ያለው ሻካራው ሞቷል፤ ሥራው ካፖርት መሆን ነው። ከሥሩ ያለው እርጥቡ ልጥ ግን ሕያው ነው። ቅጠል የሠራውን ስኳር ወደ ሥር የሚያወርደው እሱ ነው። በልጡና በእንጨቱ መሃል ካምቢየም የሚባል በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ስስ ሽፋን አለ። ወደ ውጭ ልጥ፣ ወደ ውስጥ እንጨት እየሠራ ዛፉን የሚያወፍረው እሱ ነው። ውሃ የሚወጣው ደግሞ በእንጨቱ በኩል ነው።

ለዚህ ነው ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ወዲያው የማይደርቀው። ውሃው ይወጣል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ሰውም "ምንም አልሆነም" ብሎ ይረሳዋል። ስኳሩ ግን ከቁስሉ አይወርድም። ሥሩ ያጠራቀመውን ይበላል። እሱም ሲያልቅ ይራባል። ሞቱ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

"ታዲያ የጠርሙስ ቡሽ ከኦክ ቅርፊት አይደል የሚሠራው?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ፖርቹጋል ውስጥ የቡሽ ኦክ በየ9 ዓመቱ ይላጣል፣ አይሞትምም። የሚወሰደው ግን የውጭው ቡሽ ብቻ ነው፤ ልጡ አይነካም። ላጮቹ መጥረቢያው የት መቆም እንዳለበት በእጃቸው ያውቁታል። ቢላ ይዞ ማታ የመጣ ሰው አያውቅም።

ቅርፊቱ ገና አሁን ነው የተላጠው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መሬቱን እዩ። የተላጠው ቅርፊት እዚያው ወድቆ ሊሆን ይችላል። አንሱት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ባዶውን እንጨት በጨርቅ አትጥረጉ፣ በጣትም አትፈትጉ። ላዩ ላይ ያለው የሚያሙለጨልጭ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ለማዳን የምትፈልጉት ሕያው ሽፋን እሱ ነው።

አሁን የቅርፊቱን ውስጠኛ ፊት በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት። እርጥብ፣ ለስላሳና ነጣ ያለ ከሆነ ገና አለ። ጠቁሮ እንደ ካርቶን ከደረቀ ግን አልፏል፤ ቢመለስም አይያዝም።

ሕያው ከሆነ ወደ ቦታው መልሱት። ላይና ታቹን አታምታቱ። ስንጥቆቹና ጠርዙ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይገጥማሉ፤ ትንሽ ታግሳችሁ ብታዞሩት ራሱ ቦታውን ያሳያችኋል። ከእንጨቱ ጋር በደንብ እስኪነካካ ጫን በሉት። ትንሽ ከሆነ የማይዝግ ቀጭን ምስማር በጠርዞቹ በኩል ይበቃል። ትልቅ ከሆነ በሰፊ ቀበቶ ግንዱን ዙሩና አጥብቁ። በላዩ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ሸፍኑ። ፀሐይ የሚያርፍበት ጎን ከሆነ ጥላ ሥሩለት፤ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀቀለ ልጥ ለምንም አይሆንም። በየጥቂት ቀኑ ገለጥ አድርጋችሁ እርጥበቱን እዩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነው ሽፋኑንና ቀበቶውን አንሱ። ቀበቶ ተረስቶ ከቀረ ራሱ ሌላ ቁስል ይሆናል።

ቅርፊቱ ከጠፋ ደግሞ ባዶውን ቦታ እንዳለ ቶሎ በፕላስቲክ ሸፍኑና ጥላ አድርጉበት። የቀረው ካምቢየም ካልደረቀ ከእንጨቱ ፊት ላይ አዲስ ልጥ ሊያበቅል ይችላል። ይህ የሚሆነው በተለይ ዛፉ በሚያድግበት ወቅት፣ በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የአሮጌ ኦክ ቅርፊት ወፍራምና ድርቅ ያለ ስለሆነ ከተመለሰው ብዙው ላይያዝ ይችላል። ግማሹ ቢያዝ ግን ትርፍ ነው። ወጪውም አንድ ጨርቅና አንድ ፕላስቲክ ነው።

ቀናት አልፈዋል፤ ቁስሉ ደርቋል። አሁንስ?

የተንጠለጠለውንና የላላውን ቅርፊት ብቻ በተሳለ ንጹሕ ቢላ ከርክሙት፤ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበት ስትደርሱ አቁሙ። ድሮ ቁስሉን እንደ ጀልባ አሹሎ መቁረጥ ይመከር ነበር። ያ ምክር ደህናውን ልጥ እያነሳ ቁስሉን ከማስፋት በቀር ጥቅም አልነበረውም።

ከዚያ ሜትር አምጡና ዙሪያውን ለኩ። ወሳኙ የቁስሉ ቁመት አይደለም፤ ወደ ጎን ምን ያህል ግንዱን እንደከበበ ነው። የግንዱ ዙሪያ 4 ሜትር፣ ቁስሉ በሰፊው ቦታ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 20 በመቶ ማለት ነው። በልምድ ከሩብ በታች ከሆነ ዛፉ ይችለዋል። ከሩብ እስከ ግማሽ ከሆነ አናቱ ሊሳሳ ይችላል። ከግማሽ ካለፈ ያሰጋል። ሁለት ሜትር የሚረዝም ግን እንደ መዳፍ የጠበበ ቁስል ሲያዩት ይዘገንናል፤ አደጋው ግን ከአጭሩና ከሰፊው ያንሳል።

ዙሪያውን ሙሉ ቢላጥስ?

የሚቀረው ድልድይ ነው። ከዚያው ዛፍ ወይም ከዚያው ዓይነት ዛፍ የአንድ ዓመት ቀንበጥ በክረምት፣ ገና ሳያቆጠቁጥ ይቆረጣል። ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ይቀመጣል። ጸደይ ገብቶ ቅርፊቱ ከእንጨቱ መላቀቅ ሲጀምር የቀንበጡ አንድ ጫፍ ከቁስሉ በታች፣ ሌላው ከቁስሉ በላይ ቅርፊቱ ሥር ይሰካል። ታችኛው ጫፉ ታች፣ ላይኛው ላይ መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ አይሠራም። ዛፉ ሲወዛወዝ እንዳይነቀል ትንሽ ደገን ይደረጋል። ጫፎቹ በቀጭን ምስማር ይያዙና በሰም ይሸፈናሉ። በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ እየተደረገ ግንዱ ይዞራል።

ፍራፍሬ ዛፍና ወጣት ኦክ ላይ ጥሩ ይሠራል። ቅርፊቱ እንደ ጡብ በወፈረ ሽማግሌ ላይ ግን ከባድ ነው፤ ግራፍቲንግ (ቀንበጥን ከሌላ ግንድ ጋር ማያያዝ) የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ቁስሉን ሬንጅ ወይም ቀለም ልቀባው?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱ አይ ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር።

የሰው ቁስል ይድናል፤ የሞተው ሥጋ በአዲስ ይተካል። ዛፍ እንዲህ አያደርግም። የተጎዳውን ቦታ በግድግዳ አጥሮ ለብቻው ይተወዋል፣ ከዚያ በጎን በኩል አዲስ እንጨት እያበቀለ እንደ ከንፈር ይሸፍነዋል። ይህን በግልጽ ያስቀመጠው አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ነው። ዛፎችን በሞተር መጋዝ በቁመታቸው እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አየ። ሥራውም በ1977 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ቀለም መበስበስን እንደማያስቆም ግልጽ ሆኗል፤ እርጥበቱን አፍኖ ፈንገሱን ሊመቸው ሁሉ ይችላል።

ያ አንድ ነገር ኦክ ዊልት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኦክን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ። የትኩስ ቁስል ሽታ የሚስባቸው ትናንሽ ጥንዚዛዎች ያዛምቱታል። በሽታው ባለበት አካባቢ በጸደይና በበጋ የተፈጠረ ቁስል እዚያው በዚያው ይቀባል። ለመበስበስ ሳይሆን ጥንዚዛውን ለመከልከል ነው።

ስም ፈልፍለውበታል። ፊደሉን ላጥፋው?

ተዉት። ለማጥፋት ዙሪያውን መፋቅ የበለጠ ያቆስላል። ጥቂት ፊደል ወፍራም ቅርፊት ላይ ብዙ አይጎዳም፤ እንጨቱ ድረስ የዘለቀውን ዛፉ ራሱ ያጥረዋል። ብዙ ሰው ፊደሉ ከዓመታት በኋላ ከፍ ይላል ብሎ ያስባል። ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፉ በኩል ነው፤ ግንዱ ወደ ጎን ብቻ ይሰፋል። ስለዚህ "ሀ" እዚያው በደረቱ ቁመት ይቆያል፣ ግን እየወፈረ እየተንጋደደ ይሄዳል። የፍቅረኞቹ ስም ከፍቅሩ በላይ ያረጃል።

ስፕሬይ ቀለም ነፍተውበታልስ?

ውሃና ለስላሳ ብሩሽ፣ እሱም ቀለሙ ካልደረቀ። ቀለም ማሟሟቻ፣ የሽቦ ብሩሽና ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ከቀለሙ ይብሳሉ። የኦክ የውጭ ቅርፊት የሞተ ስለሆነ ቀለሙ አይገድለውም። ዝናብና ፀሐይ ያደበዝዙታል። ዓይን ካስቸገረ ጭቃ ለቅለቅ አድርጉበት።

ምስማር ተመቶበታል። ላውጣው?

ላላ ያለውን አውጡ፣ ዛፉ የዋጠውን ተዉ። በብረት ዙሪያ የሚታየው ሰማያዊ ጥቁር እድፍ በሽታ አይደለም። በኦክ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይጠቁራል። አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የብራና መጻፊያ ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። "አንድ የመዳብ ምስማር ዛፍ ይገድላል" የሚባለው ደግሞ ተረት ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ እሳት አንድደዋል።

የጠፋ ቢመስልም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። በስባሽ እንጨት ውስጥ እሳት ሳይታይ ቀናት ሊብሰለሰል ይችላል። ከዚያ በኋላ መጋዝ ይዞ የሚመጣውን ሰው አስታግሱ። ጥቁሩ ውስጥ አያስጨንቃችሁ፤ ያ ድሮም የሞተ ነበር። ጥያቄው ሙቀቱ በግድግዳው አልፎ ካምቢየሙን ገድሎታል ወይ ነው፤ እሱ የሚለየው ከአንድ ወይም ከሁለት የእድገት ወቅት በኋላ ነው። ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ከለቀቀ እዚያ ጋ ሞቷል።

ግንዱ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ወይም ሣሩ ሁሉ ክብ ሠርቶ ደርቋል።

መርዝ ጠርጥሩ። ውሃ አታፍስሱበት፤ መርዙን ወደ ሥር ሊያወርደው ይችላል። ፎቶ አንሱ፣ ለፖሊስ አመልክቱ፣ አፈሩና ቅጠሉ ላቦራቶሪ እንዲገባ አድርጉ። ምን መርዝ እንደሆነ ሳይታወቅ ሕክምና የለም።

ሁለት ታሪክ አለ፤ መጨረሻቸው ይለያያል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የነበሩት የቱመርስ ኮርነር ኦኮች በ2010 መጨረሻ በተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ተመረዙ። ነገሩ ሁሉ የእግር ኳስ ንዴት ነው፤ የአሜሪካው ዓይነት እግር ኳስ። መርዙ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ነበር። በ2013 ዛፎቹ ተቆረጡ።

ሌላው ቴክሳስ፣ ኦስቲን ያለው ትሪቲ ኦክ ነው፤ ዕድሜው 500 ዓመት ገደማ ይገመታል። በ1989 አንድ ሰው ብዙ ፀረ አረም አፈሰሰበት። የተመረዘው አፈር ተቆፍሮ ወጣ፣ በሌላ ተተካ። ፀሐይ እንዳያደክመው የጥላ መጋረጃ ተተከለለት፣ የምንጭ ውሃ ተረጨለት። ቢሊየነሩ ሮስ ፔሮ ወጪውን እችላለሁ አለ። ሰውየው ተይዞ 9 ዓመት ተፈረደበት።

ጉዳት ሳይደርስበት ምን ላድርግለት?

አፈሩን ጠብቁ። ስለ ቅርፊት ከሚጠይቀኝ አሥር ሰው ዘጠኙ የቆመበትን መሬት አያይም። የዛፉ ሥር ወደ ታች ብዙ አይሄድም፤ አብዛኛው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላም አልፎ ይሄዳል። መኪና ሲቆምበት፣ ሰው ሲረግጠው፣ ሲታረስ፣ አፈሩ ይጠብቅና አየር ያጣል። ሜጀር ኦክን ያደከመው አንዱ ነገር ሊያየው የመጣው ሕዝብ እግር ነው፤ ለዚህ ነው የታጠረው።

የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ለሽማግሌ ዛፍ የሚያስቀምጠው ርቀት የግንዱ የጎን ስፋት (ዙሪያው ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ያለው) 15 እጥፍ፣ ወይም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ 5 ሜትር አልፎ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል። ግንዱ 1.2 ሜትር ስፋት ካለው ከግንዱ በየአቅጣጫው 18 ሜትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን በሜትር ስትለኩት የመኪና ማቆሚያችሁ የት እንደገባ ታያላችሁ።

እዚያ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍርፋሪ ወይም የራሱን ቅጠል ጎዝጉዙለት። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ፋብሪካ ማዳበሪያ አታድርጉ፤ ሥሩ ላይ ተጣብቀው የሚመግቡትን ፈንገሶች ይጎዳል። ወጣት ዛፎች ከጎኑ በቅለው ብርሃን ከጋረዱት አጽዱለት፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። ጥላ የለመደ ግንድ ድንገት ፀሐይ ሲመታው ይደነግጣል። ፈረስና ከብት ካለ አጥር ግድ ነው፤ እነሱም ቅርፊት ይልጣሉ።

ተስፋ የምቆርጠው መቼ ነው?

ቢያንስ ሦስት ጸደይ ሳያልፍ አይደለም። ኦክ በስኳር ክምችቱ ይኖራል፤ ጥሩም መጥፎም ዜናው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አናቱን ፎቶ አንሱ። ዓይን ይረሳል፣ ፎቶ አይረሳም። የቁስሉን ከንፈር ጠርዝ ደግሞ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። በሚቀጥለው ዓመት ከምልክቱ አልፎ ከተገኘ ዛፉ ሥራ ላይ ነው።

ትሪቲ ኦክ ከአካሉ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣ። ባለሙያዎቹ ይሞታል ብለው ነበር። በ1997፣ ከተመረዘ በ8 ዓመቱ፣ ፍሬ አፈራ።